ተስፋ፣ ክኒንና የሐይቅ መንገድ

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልዲያ የሚዘልቀውን አውራ ጎዳና የተከተለ መንገደኛ 30 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ሐይቅ ከተማን ያገኛል። ብዙዎቻችን ይህችን የተሁለደሬ ወረዳ ዋና ከተማ የምናውቃት ስሙን ባወረሳት ውኃ እና በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዐ ደቀ መዛሙርት ባፈሩበት የእስጢፋኖስ ገዳም ነው። ከዚያ አልፎ ወደ ውጫሌ የሚወስደው መንገድ ወደ አምባሰል ያስገባል፤ አምባሰል ሲባል ቅኝቱ እንጂ አገሩ ትዝ የማይለው ወጣት ቢኖርም አንፈርድበትም። እኛ ግን በዚህ ጽሑፍ የምናተኩረው በገዳሙም በቅኝቱም ላይ ሳይሆን በመንገዱ ላይ ነው። ከአምባሰልና ከተሁለደሬ ቀበሌዎች ተነሥተው በዚህ መንገድ ወደ ደሴ ለሕክምና የሚመላለሱ ሴቶች አሉ። ከመካከላቸው የስኳርና የደም ግፊት ታማሚዎች ይገኛሉ፤ ኤች.አይ.ቪ. በደማቸው ያለባቸው፣ የጡት ወይም የማኅፀን በር ካንሰር ያገኛቸውም ይገኛሉ። ሁሉም የሚጋሩት አንድ ነገር አለ፤ ሕክምናቸው በአንድ ቀን ወይም በአንድ ወር የሚያበቃ አይደለም።

ጥያቄያችን ይህ ነው። ከእነዚህ ሴቶች አንዷ መድኃኒቷን መውሰድ ብታቆም፣ ያቆመችው ተስፋ ስለ ቆረጠች ነውን? ወይስ ተስፋ የቆረጠችው መድኃኒቱ ስለ ተቋረጠባት ነው?

አማርኛችን በዚህ ላይ የሚያስገርም ነገር ያሳየናል። ተስፋ «ይቆረጣል»፤ መድኃኒት «ይቋረጣል»፤ የማይበገር ሰው «ቁርጠኛ» ይባላል፤ እውነቱን ከሐኪሙ አፍ መስማት የሚፈልግ ታማሚ ደግሞ «ቁርጡን ንገሩኝ» ይላል። አራቱም የአንድ ግሥ ልጆች ናቸው። የቃላት ዝምድና የሳይንስ ማስረጃ እንደማይሆን እናውቃለን፤ ሆኖም አራቱም ነገሮች በታማሚዋ ሕይወት ውስጥ እንዴት እንደሚጠላለፉ ወደ ፊት እናያለን።

ተስፋ ይለካልን?

ተስፋን የመሰለ ረቂቅ ነገር በቁጥር ይለካል ሲባል አንዳንድ አንባብያን ፈገግ ሊሉ ይችላሉ። እኛም በመጀመሪያ ፈገግ ብለን ነበር። ይሁን እንጂ በአሜሪካ የካንሳስ ዩኒቨርሲቲ የሥነ ልቦና መምህር የነበሩት ቻርልስ ስናይደር እ.ኤ.አ. በ1991 ከባልደረቦቻቸው ጋር ባሳተሙት ሥራ ተስፋን ከምኞት የሚለይ ፍቺ ሰጡት። በእርሳቸው አስተሳሰብ ተስፋ ሁለት እግሮች አሉት። አንደኛው ፈቃድ ነው፤ «ወደዚያ ልደርስ እችላለሁ» የሚል የውስጥ ብርታት። ሁለተኛው መንገድ ነው፤ «በዚህ በኩል ብሄድ እደርሳለሁ፣ ይህ ቢዘጋ በዚያ በኩል እዞራለሁ» የሚል ዕውቀት። ፈቃድ ኖሮ መንገድ ከጠፋ ወይም መንገድ ኖሮ ፈቃድ ከጠፋ፣ እንደ ስናይደር አባባል የተሟላ ተስፋ የለም። በ1992 እ.ኤ.አ. ደግሞ ኬይ ኸርት የተባሉ የነርሲንግ ተመራማሪ በሕመም ላይ ላሉ ሰዎች የሚሆን 12 ጥያቄዎች ያሉት መለኪያ አዘጋጁ። ታማሚዋ ለእያንዳንዱ ጥያቄ ከ1 እስከ 4 ነጥብ ትሰጣለች፤ ድምሩም ከ12 እስከ 48 ይሆናል።

የሕክምና ጽናትም እንዲሁ ይለካል። ሕክምና ላይ የጸና የምንለው የታዘዘለትን መድኃኒት በታዘዘለት መጠን፣ ሰዓትና ዘመን የሚወስደውን ታማሚ ነው። የተረፉ ክኒኖች ይቆጠራሉ፣ የመድኃኒት ቤት መዝገብ ይመረመራል ወይም ታማሚው ራሱ ይጠየቃል። ታማሚውን መጠየቅ ቀላሉ ዘዴ ነው፤ ከሁሉ ይልቅ የሚያሳስተውም እርሱ ነው። ነጭ ጋዋን የለበሰ ሰው «መድኃኒትዎን በትክክል ይወስዳሉ?» ብሎ ሲጠይቅ «አልወስድም» ለማለት የሚደፍር ከመካከላችን ስንቱ ነው? የዓለም የጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2003 ባወጣው ዘገባ ባደጉት አገሮች እንኳ ለረዥም ጊዜ ከሚታከሙ ሰዎች በሕክምናቸው የሚጸኑት በአማካይ 50 በመቶ ብቻ እንደሆኑ ገልጿል። ስለዚህ ክኒን መርሳትና መተው የድሃ ወይም ያልተማረ ሰው ጠባይ ነው የሚለው አስተሳሰብ ከሥሩ የተሳሳተ ነው።

እንግዲህ ሁለቱን መለኪያዎች ጎን ለጎን ብናስቀምጣቸው ምን እናገኛለን? ሮቢን ዲማቴዎ እና ባልደረቦቻቸው እ.ኤ.አ. በ2000 ብዙ ጥናቶችን በአንድነት መርምረው፣ በድባቴ የተያዙ ታማሚዎች የሐኪምን ትእዛዝ ያለመከተላቸው ዕድል ድባቴ ከሌለባቸው በሦስት እጥፍ እንደሚበልጥ አሳይተዋል። ተስፋ ማጣት ደግሞ ከድባቴ ዋና ዋና ምልክቶች አንዱ ነው። ከዚህ ተነሥቶ «ተስፋ ስጧቸው፣ መድኃኒታቸውን ይወስዳሉ» ብሎ መደምደም በጣም ይቀላል።

ነገር ግን ሳይንስ በዚህ ቦታ ላይ ቆም እንድንል ያስገድደናል። እ.ኤ.አ. በ1980 ይፋ የሆነና በልብ ሕመም በተጠቁ ወንዶች ላይ የተደረገ አንድ ታዋቂ ጥናት ነበር። ከታማሚዎቹ ለአንዱ ክፍል የተሰጠው ምንም የመፈወስ ኃይል የሌለው አስመሳይ ክኒን ነበር። ይህን ባዶ ክኒን በታማኝነት ከወሰዱት መካከል በአምስት ዓመት ውስጥ የሞቱት 15 በመቶ ሲሆኑ፣ ካልጸኑት መካከል ግን 28 በመቶ ሞቱ። ባዶ ክኒን ሕይወት አያድንም። ክኒኑን አዘውትሮ የሚወስድ ሰው በሌላውም ነገር የሚጠነቀቅ፣ የሚረዳው ቤተሰብ ያለው፣ ገና ከጅምሩ ሕመሙ የቀለለለት ሊሆን ይችላል። የተስፋም ነገር እንዲሁ ነው። ተስፋዋ ከፍ ያለችው ሴት ምናልባት ቤቷ ለሆስፒታሉ የሚቀርብ፣ ልጇ የትራንስፖርት ገንዘብ የሚሰጣት፣ መድኃኒቷም ሳይጠፋ የሚጠብቃት ትሆናለች። እንዲህ ከሆነ የለካነው ተስፋዋን ነው ወይስ መንገዷን? ይህ ጥያቄ በእኛ አገር ከሌላው ዓለም ይልቅ ይከብዳል።

አምስት ዓመት በየቀኑ አንድ ክኒን

ነገሩን ለማየት የጡት ካንሰርን እንውሰድ። በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሠቱ ካንሰሮች የመጀመሪያውን ደረጃ የያዘው ይህ በሽታ ነው፤ ለ2020 እ.ኤ.አ. የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በአገራችን በዓመት 16 ሺህ ያህል አዲስ የጡት ካንሰር ታማሚዎች እንዳሉ ያመለክታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ታካሚዎች ላይ የተደረጉ ጥናቶች እንዳሳዩት የብዙዎቹ ዕድሜ በአርባዎቹ መጀመሪያ ግድም ነው፤ ቤት የምታስተዳድር፣ ልጆች የምታሳድግ ሴት ዕድሜ ማለት ነው። እነዚሁ ጥናቶች ሌላም ነገር አሳይተዋል። ከታማሚዎቹ ሁለት ሦስተኛ ያህሉ የካንሰር ሕዋሳታቸው የኢስትሮጅን ሆርሞን ተቀባይ አላቸው። ይህ መልካም ዜና ነው። እንዲህ ያለው ካንሰር ለማደግ ሆርሞኑን ስለሚፈልግ ተቀባዩን የሚዘጋ መድኃኒት ሊገታው ይችላል።

ያ መድኃኒት ታሞክሲፈን ነው። ታሪኩ አስገራሚ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 በእንግሊዝ አገር ዶራ ሪቻርድሰን የተባሉ ሴት ኬሚስት ሲሠሩት የተፈለገው ከወሲብ በኋላ የሚወሰድ የእርግዝና መከላከያ እንዲሆን ነበር። ለዚያ ዓላማ አልሆነም። ወድቆ እንዳይቀር የታደገው የካንሰር ምርምር ነው። ዛሬ በርካሽ ከሚመረቱት የካንሰር መድኃኒቶች አንዱ ሲሆን፣ የኢስትሮጅን ተቀባይ ያላቸው ታማሚዎች ለአምስት ዓመት ሲወስዱት በበሽታው የመሞት ዕድላቸውን በአንድ ሦስተኛ ያህል እንደሚቀንስ በሰፊው ተረጋግጧል። አምስት ዓመት ማለት 1,825 ክኒን ነው። ለአንዳንዶች ሐኪሞች እስከ አሥር ዓመት ያራዝሙታል።

እዚህ ላይ አንድ ኢትዮጵያዊ ጉዳይ ማንሣት ያስደስተናል። ታሞክሲፈን ሙሉ ኃይሉን የሚያገኘው በጉበት ውስጥ ሲ.ዋይ.ፒ.2ዲ6 የተባለ ኢንዛይም ኢንዶክሲፈን ወደሚባል ውሕድ ሲለውጠው ነው። እ.ኤ.አ. በ1996 እሌኒ አክሊሉ የተባሉት ኢትዮጵያዊት ተመራማሪና ባልደረቦቻቸው ባሳተሙት ጥናት ከተመረመሩት ኢትዮጵያውያን 29 በመቶ የሚሆኑት የዚህን ኢንዛይም ጂን ተደራራቢ ቅጂ እንደያዙ ተገኘ፤ በሰሜን አውሮፓውያን ዘንድ ይህ የሚታየው ከመቶ በአንድ ወይም በሁለት ሰው ነው። በሌላ አነጋገር ብዙ ኢትዮጵያውያን መድኃኒቱን ሥራ ላይ የማዋል ችሎታው አላቸው። በአንጻሩ ለድባቴ የሚታዘዘውን ፍሉኦክሰቲንን የመሳሰሉ መድኃኒቶች ይህንኑ ኢንዛይም ያዳክማሉ። ይህ በታማሚዋ ዕድሜ ላይ የሚያስከትለው ልዩነት አሁንም ባለሙያዎችን ያከራክራል። ቢሆንም ተስፋ ለማደስ የተሰጠ ክኒን የካንሰሩን ክኒን ሊነካ እንደሚችል ማወቅ፣ የምትወስደውን ሁሉ ለሐኪሟ እንድትናገር በቂ ምክንያት ነው።

ታሞክሲፈን እንደ ሌላው የካንሰር መድኃኒት ጸጉር አያረግፍም። ነገር ግን ያተኩሳል፣ ሌሊት ያስልባል፣ የወር አበባን ያዛባል። ይህን ሁሉ የሚያደርገው ደግሞ ሴቲቱ ዕጢው ወጥቶላት፣ ቁስሉ ሽሮ፣ ጤነኛ ነኝ በምትልበት ጊዜ ነው። ራስ ምታት የያዘው ሰው ክኒን ሲውጥ ሕመሙ ሲለቀው ይታወቀዋል። ታሞክሲፈን የምትወስደው ሴት የምታገኘው ጥቅም ግን የማይታይ ነው፤ ያልመጣ በሽታ ነው። የደም ግፊት ታማሚዋም እንዲሁ ናት። ያልሆነ ነገርን ለማመስገን ብዙ ማወቅ ያስፈልጋል።

ቁርጡን ማወቅ

ስለ ማወቅ ከተነሣ አንድ የቆየ ልማዳችንን ሳንነካ ማለፍ አንችልም። በአገራችን የካንሰር ምርመራ ውጤት ለታማሚዋ ሳይሆን ለወንድሟ ወይም ለልጇ በጆሮ ሲነገር ማየት የተለመደ ነው። ዘመዶች «እንዳትሰማ፣ ተስፋ ትቆርጣለች» ይላሉ። የሚናገሩት ከፍቅር ነው። ውጤቱ ግን ምንድን ነው? አንዲት ሴት «ዕጢ ነበር፣ ወጥቷል» ተብሏት ወደ አምባሰል ተመልሳ ስትገባ፣ በእጇ ያለው ክኒን ለምን እንደሆነ አታውቅም። ክኒኑ ሲያልቅ አልቋል ማለት ነው፤ ሌላ የሚጠበቅ ነገር የለም። ስናይደር ፈቃድና መንገድ ያሏቸውን ሁለት እግሮች እናስታውስ። ዘመዶቿ ፈቃዷን ለመጠበቅ ብለው መንገዷን ደበቁባት። እኛ እንደምናምነው በምሥጢር ላይ የቆመ ተስፋ መጀመሪያ በሚያጋጥመው ወጪ ወይም ትኩሳት ይፈርሳል። እርግጥ ነው፤ ቁርጡን መንገር ራሱ ጥበብ ይፈልጋል። በተጨናነቀ የተመላላሽ ክፍል በሦስት ደቂቃ የሚደረግ አይደለም።

ይህን ጊዜ ማን ይስጥ? እ.ኤ.አ. በ2022 የታተመና በደቡባዊው የአገራችን ክፍል በሚገኙ 8 ሆስፒታሎች የተካሄደ ጥናት አንድ መልስ ይሰጣል። በዕጣ በተመረጡት ሆስፒታሎች ነርሶች አጭር ሥልጠና ወስደው የሆርሞን ሕክምና የሚወስዱ የጡት ካንሰር ታማሚዎችን ስለ በሽታቸውና ስለ መድኃኒቱ አስተማሩ፣ ተከታተሏቸውም። በሌሎቹ ሆስፒታሎች የተለመደው አገልግሎት ቀጠለ። ከአንድ ዓመት በኋላ ነርሶቹ በነበሩበት 70 በመቶ የሚሆኑት ታማሚዎች በመድኃኒታቸው ጸንተው ሲገኙ፣ በሌሎቹ ዘንድ የጸኑት 45 በመቶ ያህል ነበሩ። አዲስ መድኃኒት አልተፈለሰፈም፤ የሠለጠነች ነርስ ብቻ ተጨመረች።

ወሎን ለሚያውቅ ሰው ሌላም የሚነሣ ነገር አለ። እዚህ ጸበል አለ፣ ዱዓ አለ፣ ጾም አለ። የእነዚህን ሴቶች ፈቃድ ከዓመት ዓመት የሚያቆመው በአመዛኙ ይኸው ነው፤ ሐኪም ይህን እንደ ባላጋራ ካየው ተሸናፊው ራሱ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2007 ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጸበልንና የኤች.አይ.ቪ. መድኃኒትን አብሮ መውሰድ እንደሚቻል በይፋ መናገራቸው ብዙ ጤና ባለሙያዎች ሊያደርጉት ያልቻሉትን አድርጓል። በጾም ረገድም ሁለቱም ሃይማኖቶች ለታመመ ሰው ፈቃድ እንዳላቸው ይታወቃል፤ ብዙ ሴቶች ግን ፈቃዱን አይጠቀሙበትም። ደግነቱ ታሞክሲፈን በቀን አንድ ጊዜ የሚወሰድ በመሆኑ ከማፍጠሪያ በኋላ ወይም ከእራት ጋር ቢደረግ ጉዳት የለውም። ኢንሱሊን የምትወስድ ሴት ግን ይህን በራሷ መወሰን የለባትም፤ ጾሙ ከመግባቱ በፊት ከሐኪሟ ጋር መመካከር ይኖርባታል።

መንገዱ ሲዘጋ

አሁን ወደ ጎዳናው እንመለስ። አንዲት የ43 ዓመት እናት በአምባሰል ካለ ቀበሌ ተነሡ እንበል። በእግር ወደ አውራ ጎዳናው ይወርዳሉ፣ በሚኒባስ በሐይቅ በኩል ደሴ ይገባሉ። ደሴ ኮምፕርሄንሲቭ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል በአማራ ክልል የካንሰር ሕክምና ከሚሰጡት አንዱ በመሆኑ እንደ ድሮው ለእያንዳንዱ ነገር 400 ኪሎ ሜትር ተጉዘው አዲስ አበባ መሄድ የለባቸውም። የጨረር ሕክምና ለብዙ ዓመታት በመላ አገሪቱ በጥቁር አንበሳ ብቻ ይሰጥ እንደነበር የሚያስታውስ ሰው ይህን ለውጥ አያቃልለውም። ሌላም የተከፈተ በር አለ። ተሁለደሬ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን በአገራችን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲጀመር ለሙከራ ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ነበር። መድኑ የካርዱንና የመድኃኒቱን ወጪ ይሸፍናል። ይሁንና መድኃኒቱ በመንግሥት መድኃኒት ቤት ካልተገኘ ታማሚዋ ከግል መድኃኒት ቤት በኪሳቸው ይገዛሉ፤ የመኪናውን ዋጋ፣ የምሳውን፣ ያልታጨደውን አዝመራ ደግሞ የሚሸፍን መድን የለም።

በ2014 ዓ.ም. ይህም ቀረ። ጦርነቱ ሐይቅንና ደሴን ያዳረሰው በጥቅምት ነበር፤ ደሴ እንደገና በመንግሥት እጅ የገባችው በኅዳር መጨረሻ ነው። አምስት ሳምንት ያህል ማለት ነው። ሆስፒታሉ ተዘረፈ፤ ብዙ ሺህ ሕዝብ ተሰደደ። በዚያ ጊዜ መድኃኒቷ የተቋረጠባት ሴት የተስፋ መለኪያ 12 ጥያቄዎች ቢቀርቡላት የምታገኘው ነጥብ ስለ እርሷ ጠባይ ምን ይነግረናል?

የአምስቱን ሳምንት ሒሳብ በኬሚስትሪ እንሥራው። ታሞክሲፈን በደም ውስጥ ያለው ግማሽ ዕድሜ ሲረዝም ሰባት ቀን ያህል ነው፤ ይህም በየሰባት ቀኑ በግማሽ ይቀንሳል ማለት ነው። ከ35 ቀን በኋላ አምስት ጊዜ ይከፈልና ከሠላሳ ሁለት እጅ አንዱ፣ ማለትም 3 በመቶ ብቻ ይቀራል። በደም ውስጥ በብዛት የሚገኘው ተዋጽኦው ሁለት ሳምንት ግማሽ ዕድሜ ስላለው ወደ 18 በመቶ ይወርዳል። ከዚህ ሁለት ነገር እንማራለን። አንዲት ቀን ክኒኗን የረሳች ሴት መደንገጥ የለባትም፤ በሰውነቷ ስንቅ አለ። ወር ሙሉ ያቋረጠች ግን ስንቁን ጨርሳለች። ኢንሱሊን ለሚያስፈልጋት የመጀመሪያው ዓይነት የስኳር ታማሚ ደግሞ ሒሳቡ በሳምንት ሳይሆን በቀናት ነው፤ ጥቂት ቀን መቋረጡ ብቻ ለሞት ሊያደርስ ይችላል። የደም ግፊት ታማሚዋ ምንም ሳይሰማት ግፊቷ ቀስ ብሎ ይመለሳል።

መፍትሔው ሁሉ በእጃችን ነው ለማለት አንደፍርም፤ አንዱ ግን ተሞክሮ የተሳካ ነው። በኤች.አይ.ቪ. ሕክምና ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ ሁኔታቸው የተረጋጋ ታማሚዎች መድኃኒታቸውን በስድስት ወር አንድ ጊዜ እንዲወስዱ ፈቅዳለች። ይህንኑ ለታሞክሲፈን እናስበው። በየወሩ የሚሰጥ ከሆነ በአምስት ዓመት 60 ጉዞ ነው፤ ከሐይቅ ደሴ ደርሶ መልስ ብቻ 3,600 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየሦስት ወሩ ከሆነ 20 ጉዞ፣ በየስድስት ወሩ ከሆነ 10። ክኒኑ በደረቅና ፀሐይ በማያገኘው ቦታ ይቀመጣል፤ ማቀዝቀዣ አይፈልግም። ለዚህ የሚያስፈልገው የመድኃኒት ክምችቱ በሆስፒታሉ እንዳይጎድል ማድረግ ነው፤ ይህም ከተማሪው ይልቅ የበጀት ባለሥልጣኑን የሚመለከት መሆኑን አንክድም። የፋርማሲ ተማሪዎቻችን ግን የአንድ ሆስፒታል መዝገብ ይዘው ቁጥሩን ሠርተው ቢያሳዩት ቢያንስ «አላወቅንም» የሚል መልስ አይኖርም።

ያቺን የአምባሰል እናት በጥቅምት 1 ቀን 2014 ዓ.ም. የሦስት ወር ክኒን ተቀብለው ነበር ብለን እናስብ። መንገዱ ተዘጋ፤ ቢሰደዱም ክኒኑ በነጠላቸው ጫፍ ተቋጥሮ አብሯቸው ሄደ። ኅዳር 27 ቀን የወሰዱት 57ኛው ክኒን ይሆናል። ለ33 ቀን የሚበቃ ገና በእጃቸው ነበር።